ሽፋኑ የማይታይ መጽሐፍ

ጉዳዩ የሆነው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው። ልጆቹ 199 ናቸው። ሁሉም የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ሁሉም የንባብ ማሻሻያ ክፍል የተመደቡ። እንዲህ ያለ ክፍል ማንም ወዶ አይገባም። ንባብ የከበደው፣ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ነው የሚላክበት። ጓደኞቹ ይህን ያውቃሉ። እሱም እንደሚያውቁ ያውቃል።

ለእነዚህ ልጆች ኪንድል የተባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ተሰጣቸው። በየኪንድሉ 25 መጻሕፍት ተጫኑበት። ልብ ወለድም፣ ልብ ወለድ ያልሆነም አለ። የተመረጡትም ለዚያ ዕድሜ ልጅ ይጥማሉ ተብለው ነው። ከዚያ በየቀኑ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ጸጥ ብለው እንዲያነቡ ጊዜ ተሰጣቸው። ይህ ለሁለት ወር ቀጠለ። ከመጀመራቸው በፊትና ከጨረሱ በኋላ ስለ ንባብ ምን እንደሚሰማቸው ተጠየቁ።

ጥናቱን ካካሄዱት ተመራማሪዎች መካከል የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲዋ ዳራ ዊሊያምስ ሮሲ እና የቴክሳስ ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲዋ ትዋይላ ሚራንዳ ይገኙበታል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ያኔ የነበረው ኪንድልም ዛሬ አሮጌ ዕቃ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደዚህ ጉዳይ ነው። ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የምንሰማው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ ስላጣ ልጅ ነው። ይሄኛው ግን መጽሐፍ አጠገቡ እያለ ስለማያነሣው ልጅ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ እኛ ግን ሁልጊዜ እናምታታቸዋለን።

ስለ ዕቃው ትንሽ ልበል፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማልና። የዚያ ዘመን ኪንድል ስልክ አይደለም፣ ታብሌትም አይደለም። ስክሪኑ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እንደ ስልክ አያበራም፤ ወረቀት ይመስላል። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያወጣው ዋጋው 399 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በዋይፋይ ብቻ የሚሠራው በ139 ዶላር ይሸጥ ነበር። ቪዲዮ አያሳይም። የሚሠራው በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፦ ያስነብባል። ግን መጽሐፍ የማይችላቸውን ጥቂት ነገሮች ይችላል። ፊደሉን ማሳደግ ይቻላል። የማይታወቅ ቃል ላይ ሲደረስ ትርጉሙ እዚያው ይወጣል። ደግሞም ማንም ሰው ከሩቅ አይቶ ልጁ ምን እያነበበ እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

ሁለቱ ወር ሲያልቅ ውጤቱ ምን ሆነ? ወንዶቹ ለንባብ የሚሰጡት ዋጋ ከፍ አለ። የሴቶቹ ግን ዝቅ አለ። ያው ክፍል፣ ያው ኪንድል፣ ያው ደቂቃ፣ ግን ተቃራኒ መንገድ ያዙ። ሌላም ነገር ተገኘ። «እኔ እንደ አንባቢ ምን ያህል ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ ወንዶቹ ለራሳቸው የሰጡት ግምት ከሴቶቹ የበለጠ ነበር። ከኪንድሉ በፊትም በኋላም። መምህራኑ በበኩላቸው ልጆቹ በኪንድል ሲያነቡ ጉጉታቸው ጨምሮ እንዳዩ ተናግረዋል።

በወንዶቹ ልጀምር።

ተራ በተራ እየተነሣን በምናነብበት ክፍል ያደግን ሁሉ ይህን ልጅ እናውቀዋለን። መምህሩ ከመጀመሪያው ረድፍ ሲጀምር እሱ ከፊቱ ያሉትን ልጆች ይቆጥራል። አምስተኛ ነኝ፣ ስለዚህ አምስተኛው አንቀጽ የእኔ ነው ይላል። ሌሎቹ የሚያነቡትን አይሰማም። አንገቱን ደፍቶ የራሱን አንቀጽ በሹክሹክታ ይለማመዳል። አንዱ ልጅ ቀርቶ ወይም መምህሩ ዘልሎ ተራው ሲዛባበት ፊቱ ይለዋወጣል። ያኔ ነው «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ» የሚመጣው። ከተነሣም ይንተባተባል፣ ክፍሉ ይስቃል፣ በእረፍት ሰዓትም ሙድ ይያዝበታል። ይህ ልጅ ከጊዜ በኋላ «ማንበብ አልወድም» ማለት ይጀምራል። አልችልም ከማለት አልወድም ማለት ይቀላል። አልችልም ሽንፈት ነው፤ አልወድም ግን ምርጫ ነው። በ14 ዓመት ልጅ ዘንድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ትልቅ ነው።

አሁን ለዚህ ልጅ መጽሐፍ ስጡት። በአቅሙ የሆነ መጽሐፍ ከሰጣችሁት ቀጭን ነው፣ ፊደሉ ትልቅ ነው፣ ሽፋኑ ላይ የሕፃን ሥዕል አለበት። ይህን ይዞ ጓደኞቹ መሐል አይቀመጥም። በዕድሜው ልክ የሆነ መጽሐፍ ከሰጣችሁት ደግሞ ወፍራም ነው፣ ገጹ ታጭቋል፣ ገና ሲያየው ይደክመዋል። ወይ ያፍራል ወይ ይሸነፋል።

ኪንድሉ ይህን ቋጠሮ ፈታው ብዬ አምናለሁ። ቀጭኑም ወፍራሙም መጽሐፍ በአንድ ዕቃ ውስጥ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም። ሽፋን የለም። ፊደሉን ያሳደገ ልጅ ገጹ ላይ ጥቂት ቃላት ብቻ ያያል። ቶሎ ይጨርሳል፣ ቶሎ ይገልጣል። ሃያ ገጽ ገለጥኩ ብሎ ራሱን ያያል። ያልገባውን ቃል ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል። ይህ ትርጓሜ የእኔ ነው እንጂ የጥናቱ አይደለም። ግን ከልጆች ጋር የዋለ ሰው ሁሉ የሚስማማበት ይመስለኛል። ያ ልጅ ያገኘው ቴክኖሎጂ አይደለም፤ መሸሸጊያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳይስቅበት አነበበ።

ወደ ሴቶቹ እንምጣ። በእኔ ግምት የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል።

ዊሊያምስ ሮሲ ያቀረቡት ማብራሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ ሴቶቹ እውነተኛውን መጽሐፍ ይዘው ጥግ መያዝን፣ ያነበቡትንም ከጓደኞቻቸው ጋር መጋራትን ሳይወዱ አልቀሩም። እስቲ ይህን በእኛ አገር ዓይን እንየው። አንድ ልብ ወለድ አንድ የሴቶች ዴስክ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። አንዷ ከታላቅ እህቷ ሰርቃ ታመጣዋለች። «ስትጨርሺ ለእኔ» ይባላል። ወረፋ ይያዛል። ሁለተኛዋ ማታ በባትሪ ታነበዋለች፣ ጠዋት ዓይኗ አብጦ ትመጣለች። «እዚያ ጋ ደረስሽ?» «ዝም በይ፣ እንዳትነግሪኝ!» ይባባላሉ። ያለቀሱበት ገጽ ይታጠፋል። ዳሩ ላይ በእርሳስ አንድ ቃል ይጻፍበታል። ሰባተኛዋ ልጅ ጋ ሲደርስ ሽፋኑ ወድቋል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ገጾችም የሉም። መጨረሻውን ያነበቡት ይነግሯታል። መጽሐፉ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ጓደኝነት የሚመላለስበት መንገድ ነው።

ኪንድሉ ይህን መንገድ ዘጋው። የአንዷ ኪንድል ከሌላዋ ኪንድል አይለይም። የሚተላለፍ ነገር የለም። ሽፋኑን አይታ «እሱን እኮ አንብቤዋለሁ» የምትል የለችም። ለወንዱ መሸሸጊያ የሆነው ያው ነገር ለሴቷ ብቸኝነት ሆነባት ማለት ነው። አንዱን ያዳነው መድኃኒት ሌላዋን አመማት።

ሌላው ያሳሰበኝ ሴቶቹ ለራሳቸው የሰጡት ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተደረገው ፒሳ በተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና፣ በተሳተፉት አገሮች ሁሉ የ15 ዓመት ሴቶች በንባብ ከወንዶች በልጠዋል። ኦኢሲዲ በተባለው፣ በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ማኅበር ውስጥ ባሉት አገሮች ልዩነቱ በአማካይ 39 ነጥብ ነበር። እንግዲህ ሴት ልጅ በንባብ ጎበዝ ናት ተብሎ በሚታሰብበት ዓለም፣ ንባብ የከበዳት ሴት ልጅ ምን ይሰማታል? ወንዱ «ወንድ ልጅ ምን ማንበብ ይወዳል» ብሎ ሰበብ አለው። እሷ ሰበብ የላትም። ራሷን ዝቅ አድርጋ ብታይ አይገርምም። ይህም ግምት ነው። ግን አንድ መምህር የማሻሻያ ክፍል ሲይዝ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ሴት ልጅ ከሚረብሸው ወንድ ይልቅ ቀድሞ ቢያያት እመርጣለሁ። የሚረብሸው ቢያንስ ራሱን አሳይቷል።

ተመራማሪዎቹ 199ኙን ልጆች በአንድ ላይ ደምረው አማካዩን ብቻ ቢነግሩን ኖሮ ይህን ሁሉ አናየውም ነበር። የወንዶቹ መጨመርና የሴቶቹ መቀነስ እርስ በርስ ተጣፍቶ «ብዙም ለውጥ የለም» ይባል ነበር። ትምህርት ቤቶቻችን የተማሪ ሐሳብ ሲሰበስቡ ወንዱንና ሴቷን ለይተው የሚቆጥሩት ስንቶቹ ናቸው?

ጥናቱን የምወደውን ያህል የማይነግረንንም ማወቅ አለብን። ሁለት ወር አጭር ነው። አዲስ ዕቃ ማንንም ልጅ ለሁለት ወር ሊያስደስት ይችላል። የተለካው ደግሞ ልጆቹ ስለ ንባብ ያላቸው ስሜት ነው፤ ስሜት መቃናቱ ብቻውን ጎበዝ አንባቢ አያደርግም። ከሁሉ በላይ ግን ልጆቹ ያገኙት ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው፦ ኪንድሉንና በየቀኑ ማንም የማይነካውን ደቂቃ። የቱ ምን እንደሠራ መለየት ያስቸግራል። የደቂቃው ድርሻ ቀላል አይመስለኝም። ቤቱ ጠባብ ለሆነ፣ ታናናሾቹን ለሚጠብቅ፣ ማታ ሱቅ ለሚቆም ልጅ በቀን 20 ደቂቃ ጸጥታ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

ደቂቃው ብቻውን በቂ ነው እያልኩ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የወጣው የብሔራዊ የንባብ ፓነል (የባለሙያዎች ቡድን) ሪፖርት፣ ልጆችን ዝም ብለው እንዲያነቡ መተው ብቻውን የንባብ ፍጥነትና ቅልጥፍና እንደሚጨምር የሚያሳምን በቂ ማስረጃ አላገኘም ነበር። ይህ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው። ፊደል ገና የሚያስቸግረውን ልጅ 20 ደቂቃ መጽሐፍ ፊት ብታስቀምጡት 20 ደቂቃ መጽሐፍ ፊት ይቀመጣል፤ በቃ። ዓይኑ ገጹ ላይ ነው፣ ሐሳቡ ኳስ ሜዳ። መምህሩ በዚያች ሰዓት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ፈተና ማረም የለበትም። በየዴስኩ ዝቅ ብሎ በለሆሳስ «የት ደረስክ? ማንን ወደድከው?» ማለት አለበት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ራሱ መጽሐፍ ይዞ ማንበብ አለበት። ልጅ የሚያየውን ነው የሚሆነው።

አሁን ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው።

መጀመሪያ መለየት ያለብን ልጁ አልፈልግም እያለ ነው ወይስ አልቻለም የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ግን ከኋላቸው የመጡትም ብዙዎቹ በዚያው መንገድ አልፈዋል። ከዚያ እንደየክልሉ ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ልጁ በአማርኛው ሳይጠና በሌላ ቋንቋ ወፍራም መጽሐፍ ይሰጠዋል። ይህን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

ኪንድል ይግዛለት ማለትም ቀላል አይደለም። ዶላሩ ከ100 ብር በላይ በሆነበት ዘመን ለአንድ ክፍል 60 ኪንድል መግዛት የማይታሰብ ነው። ቢገዛም ይሰበራል። ዎርልድሪደር የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ጋና ውስጥ ኪንድሎችን ለተማሪዎች ሲያከፋፍል በመጀመሪያው የሙከራ ጊዜ ከመቶው ወደ 40 የሚሆኑት ተበላሽተዋል። ልጆቹ ኪንድሎቹን ከስርቆት ጠብቀዋል፤ ስክሪኑ ግን በቀላሉ ይሰነጠቅ ነበር። ኋላ ጠንካራ መያዣ ማበጀት ግድ ሆነ።

«ስልክ አለ እኮ» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ልጆቻችን በቴሌግራም የሚያነቡት ፒዲኤፍ ቀላል አይደለም። ግን እዚያ የሚገኘው አብዛኛው የአማርኛ መጽሐፍ በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ የተነሣ የገጽ ፎቶ ነው። ፎቶ ሲሰፋ ፊደሉ ብቻ አይደለም የሚሰፋው፤ ገጹ ሁሉ ነው የሚሰፋው። መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ልጁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየጎተተ ነው የሚያነበው። ቃል ነክቶ ትርጉም አያገኝም። ቴክሳስ ውስጥ ደካማውን አንባቢ የረዱት ነገሮች ሁሉ እዚህ የሉም። ደራሲውም አንዲት ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ያንን ፒዲኤፍ ከኪንድል ጋር አንድ አድርገን አንይ። አሳታሚዎቻችን ፊደሉ የሚሰፋ፣ በሕጋዊ መንገድ በርካሽ የሚሸጥ የአማርኛ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቢያበዙልን ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። ይህን ከልቤ እመኘዋለሁ።

ትልቅ ቤተ መጻሕፍት መክፈትም ጥሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. በሩን የከፈተው አብርሆት ጠዋት ጠዋት ወረፋ ሲያዝበት ማየት ደስ ይላል። ግን እዚያ ወረፋ የሚይዘው ማንበብ የሚፈልገው ነው። የማይፈልገው ልጅ አራት ኪሎ ድረስ አይሄድለትም። እሱ ጋ መጽሐፉ ራሱ መሄድ አለበት፣ ክፍሉ ድረስ፣ ዴስኩ ድረስ።

እናም ከቴክሳሱ ጉዳይ መውሰድ የምንችለውን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ደብተር መለበድ ነው። መስከረም ላይ ሁላችንም ለብደናል። በካኪ ወረቀት፣ በአሮጌ ጋዜጣ፣ ከተገኘም በላስቲክ። አንድ መምህር 25 መጻሕፍት ካገኘ፣ ከወላጅ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ፣ ከራሱ ቤት፣ ግማሾቹን በጋዜጣ ይለብዳቸው። ቀጭኑም ወፍራሙም አብረው ይለበዱ። ላያቸው ላይ ቁጥር ብቻ ይጻፍ። ቁጥር 7ን የያዘው ልጅ የታናሹን መጽሐፍ ይሁን የታላቁን እያነበበ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንቀጽ አንብቦ ካልጣመው ቁጥር 12ን ይውሰድ፤ ማንም ለምን ቀየርክ አይበለው። ፊደሉ ትልቅ የሆነ መጽሐፍ ከተገኘ ከእነዚህ መሐል ይግባ።

የቀሩት ግማሾች ሽፋናቸው ይታይ። እነዚህ መጨረሻቸው ላይ ባዶ ወረቀት ይለጠፍባቸው። ያነበበች ልጅ ለቀጣይዋ አንድ መስመር ትጻፍ፦ «ገጽ 40 ላይ እንዳታቆሚ» ብትል፣ «መጨረሻው አናደደኝ» ብትል እንደፈለገች። ስም መጻፍ ግዴታ አይሁን። ወንድም ከዚህኛው ይውሰድ፣ ሴትም ከተለበደው ትውሰድ፤ የቴክሳሱ አማካይ የሁሉም ልጅ ጠባይ አይደለም። መሸሸግ የምትፈልግ ሴት አለች፤ ከጀለሶቹ ጋር ስለ መጽሐፍ ማውራት የሚወድ ወንድም አለ።

ጊዜው በቀን 15 ደቂቃ ይሁን። ከክፍለ ጊዜ ተቀንሶ እንጂ ከእረፍት ላይ ተወስዶ አይደለም፤ እረፍታቸውን የወሰደ መጽሐፍ ገና ሳይከፈት ይጠላል። ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጥያቄ በብጣሽ ወረቀት ይጠየቁ፦ ማንበብ ምን ይጠቅመኛል? እኔስ ምን ዓይነት አንባቢ ነኝ? ስም አይጻፍበት፤ «ወ» ወይም «ሴ» ብቻ። ከሁለት ወር በኋላ ያው ጥያቄ ይደገም። የ«ወ»ው ወረቀት ለብቻው፣ የ«ሴ»ው ለብቻው ይቆጠር። የአንዱ ወገን ከቀነሰ መጻሕፍቱን ይዞ ያንኑ ወገን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው፦ የተለበደው ይብዛ ወይስ ሽፋኑ የሚታየው?